ስለ ተረከዝ

ሰው ስለ ዓይን ይገጥማል፤ ስለ ልብ ይዘፍናል፤ ስለ ጭንቅላቱም ይመካል። ተረከዙን ግን ካላመመው በቀር የሚያነሣው የለም። እኛም የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደ መሆናችን፣ ያዕቆብ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ መወለዱን፣ በግሪኮች ተረትም ኃያሉ አኪለስ ተረከዙን ተወግቶ መሞቱን እናውቅ ነበር። የራሳችን ተረከዝ ትዝ ያለን ግን ባለፈው ዓመት ጧት ጧት ከአልጋ ስንወርድ ሚስማር እንደ ረገጠ ሰው ማነከስ በጀመርን ጊዜ ነው።

ወዲያው መካሪ በዛ። አንዱ ብርድ ነው አለን፤ ሌላው ሪህ ነው አለን፤ ሦስተኛው ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ ታሹ አለን። አንድ ቀልደኛ ወዳጃችን ደግሞ፣ «አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደለም ወይ? እናንተን ያበላሻችሁ ጫማ ነው» ሲል ፈረደብን። ይኸው አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ዳግመኛ ማሸነፉን ግን ዘነጋው።

ነገሩስ እንዲህ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት አለ። ገመድ ደጋንን ወጥሮ እንደሚይዝ፣ ይህም ጅማት የውስጥ እግራችንን ጉብታ ወጥሮ ይይዛል። በጠንካራ ወለል ላይ ብዙ ሰዓት መቆም፣ ያለ ልማድ ረጅም መንገድ መሄድ፣ የሰውነት ክብደት መጨመር፣ ሶሉ ያለቀ ጫማና የባት መጠንከር ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር በተያያዘበት ቦታ ይጎዱታል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ጧት ስንረግጠው በድንገት ይወጠራል። ስለዚህ ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ይለዝባል፤ ብዙ ቆመው ሲውሉ ተመልሶ ይመጣል።

ራጅ የተነሣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከተረከዙ ሥር እንደ እሾህ የወጣ አጥንት ያያል፤ «የሚወጋኝስ ይህ ነው» ብሎም ይደነግጣል። ነገር ግን እሾሁ ኖሮባቸው አንዳችም የማያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ እሾሁ ሳይኖርባቸው የሚሠቃዩም አሉ። ስለዚህ ጥፋተኛው እሾሁ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

መድኃኒቱ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጧት እግር መሬት ሳይነካ፣ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አስቀምጦ፣ ጣቶቹን በእጅ ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብና 10 እስኪቆጥሩ ማቆየት ነው። ይህን 10 ጊዜ መደጋገም፤ በቀን 3 ጊዜ ማድረግ። ባትንም ግድግዳ ተደግፎ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጎ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ መወጠር። ሲያም በረዶ የሆነ ውሃ ያለበትን ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለል፤ ሲሚንቶ በባዶ እግር አለመርገጥ፤ ተረከዙ ወፈርና ለስለስ ያለ ጫማ ማድረግ። አብዛኛው ሰው በዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናል። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊበጥስ፣ ለተረከዝ ትራስ የሆነውንም ሥብ ሊያሳሳ ይችላል። እብጠት፣ ትኩሳት፣ መደንዘዝ፣ ወይም ተኝተውም የማይተው ሕመም ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

እኛ በአራተኛው ወር ተሻለን። የተማርነውንም በምግብ ቤታችን ወጥ ለሚጨልፉልን፣ እትዬ እያልን ለምንጠራቸው እናት ነገርናቸው፤ እርሳቸውም ሲያነክሱ አይተን ነበርና። በጥሞና ካዳመጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ጣቱንስ እስባለሁ፤ መቆሙን ግን ማን ይቆምልኛል?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረው እኛ ምሳ በልተን እስክንወጣ ድረስ በሲሚንቶ ላይ ናቸው። የበር ዘበኞቹም እንዲሁ ናቸው። ሐኪም «ዕረፉ» ብሎ ያዝዛል፤ ዕረፍት ግን በመድኃኒት ቤት አይሸጥም።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ሕመሙ አንድ ሲሆን እኛን ያዳነን ከሌላው የበለጠ ብልህ መሆናችን አይደለም። መቀመጫ ስላለን ነው። እኛ ትምህርት የምንሰማው ተቀምጠን፣ የምንበላው ተቀምጠን፣ ስለ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ የምንከራከረውም ተቀምጠን ነው። ስለዚህ ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው አምስት ደቂቃ ከፍሎ አስተዳደሩን ሁለት ነገር እንዲጠይቅልን እናሳስባለን፦ በወጥ ቤቱና በየበሩ አንዳንድ በርጩማ፣ በመጨለፊያው ሥር ባለው ሲሚንቶ ላይም ወፍራም የጎማ ምንጣፍ። አስተዳደሩ ገንዘብ የለኝም ቢል፣ የበርጩማውን ዋጋ እኛው አዋጥተን ብንሰጥ አያደኸየንም።