እግሬ ሲያርፍ እኔ አላረፍኩም

እግሬ አሁን ደህና ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ እግሬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእረፍት ሰዓት ሱዚ ስንጫወት ነው። ላስቲኩ ወገብ ደርሶ ነበር። ዘልዬ ሳርፍ ቀኝ እግሬ ወለም አለኝ። ማታ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ዳቦ መሰለ። ጎረቤቶች «ወጌሻ ጋ ውሰጃት» አሉ፤ እማዬ ግን ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ያዩኝ ሐኪም አጥንቴ እንዳልተሰበረ፣ ጅማቴ ግን እንደተጎዳ ነገሩን። በፋሻ አስረው፣ «ስትተኚ ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው፤ ህመሙ ሲቀንስ ቀስ እያልሽ አንቀሳቅሺው፤ ሳንነግርሽ ግን እንዳትሮጪ» አሉኝ።

ከሁሉ ያመመኝ «እንዳትሮጪ» የሚለው ነው። ከወር በኋላ የክፍሎች የዱላ ቅብብል ውድድር ነበረን፤ የ7ኛ ቢ የመጨረሻ ሯጭ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ተኝቼ አለቀስኩ። ቤታችን ውሃ የምቀዳው እኔ ስለሆንኩ፣ በእኔ ፈንታ አንደኛ ክፍል የሆነው ወንድሜ በአምስት ሊትር ጀሪካን ሲመላለስ ሳይ ደግሞ አፈርኩ።

ጓደኛዬን ተደግፌ ትምህርት ቤት ስመጣ የስፖርት መምህራችን፣ «የታመመው እግርሽ ነው፤ እጅሽና ሆድሽ ምን ሆኑ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ አበበ ቢቂላ ነገሩኝ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ማራቶን አሸነፈ። በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻለም። ቢሆንም በ1970 እንግሊዝ አገር ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። የእኔ እኮ ወለምታ ብቻ ነው!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መሥራት ጀመርኩ። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ቁጭ ብዬ 20 ጊዜ አነሳለሁ። ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ሲት አፕ እሠራለሁ። ፑሽ አፑን በጉልበቴ ስለምሠራው እግሬን አይነካውም። ከሁሉ የምወደው ግን ፊደሉን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ በእግሬ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል እጽፋለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ በሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ወንድሜ ይገምታል። «ሰ» ስጽፍ «በ ነው!» ይላል፤ እንስቃለን። በመጀመሪያው ቀን «መ» ላይ ስደርስ አመመኝና አቆምኩ። እያደር «ቀ»፣ ከዚያ «ከ» ደረስኩ። በ12ኛው ቀን «ፐ» ጋ ደርሼ ጨረስኩ።

ያኔ ነው የተሳሳትኩት። «በቃ ድኛለሁ» ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ፋሻውን ፈትቼ ከልጆቹ ጋር ሮጥኩ። የሜዳውን ግማሽ ሳልዞር እንደገና ወለም አለኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ በካልሲ ሸፈንኩት። ማታ ወንድሜ «ፊደል እንጫወት» ሲለኝ ግን «ሀ»ን እንኳ መጻፍ አቃተኝ። «እማዬ፣ እግሯ አብጧል!» ብሎ አወጣብኝ። እማዬ አልተቆጣችኝም። «እንግዲህ ጀሪካኑ ገና ወንድምሽ ላይ ነው» ብቻ አለች። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ እንደኔ ላለው ነው።

ሁለተኛውን ጊዜ ከ«ሀ» ጀመርኩ። ከፊደሉ በኋላ ጥርሴን ስፍቅ በታመመው እግሬ ብቻ መቆም ተለማመድኩ፤ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ሐኪሙ ሲፈቅዱልኝ ዱብ ዱብ። ውድድሩ ግን አለፈኝ። በእኔ ቦታ ለገባችው ልጅ ዱላ አቀባበሉን ቁጭ ብዬ አለማመድኳት። ክፍላችን ሁለተኛ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ፣ ቀናሁም።

ጓደኞቼ፣ እግራችሁ ከታመመ እግራችሁን አሳርፉት፤ ሌላው አካላችሁ ግን ይሥራ። መሮጥ ስትፈልጉ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ። ባለፈው ሳምንት ጀሪካኑን ከወንድሜ ተረክቤያለሁ። ፊደሉን ግን አላቆምንም፤ አሁን «ሰ»ን ከ«በ» ይለያል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ ቢ ክፍል