ቁራጩ የማን ነው?

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ እንጨት ቤት ስገባ ዓይኔ የሚያርፈው በተሠራው ቁም ሳጥን ላይ ሳይሆን ግድግዳ ሥር በተደገፈው ቁርጥራጭ ላይ ነው። የብረት በር የሚሠሩትም ላሜራ ላይ ያው ጣጣ አለባቸው።

እስኪ አስሉት። የተለመደው የኤምዲኤፍ ቦርድ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። 50 በ70 የሆኑ መደርደሪያዎች ብንፈልግና ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ብናሰልፍ ቢበዛ 6 ይወጣል። ቦርዱን መጀመሪያ በቁመቱ ባለ 50 እና ባለ 70 አድርገን ለሁለት ሰንጥቀን፣ ከአንዱ 3 ከሌላው 4 ብናወጣስ? 7! መጋዙ ለሚበላውም ቦታ ይተርፋል።

ልካቸው የተለያየ ብዙ ክፍሎች ሲሆኑ ግን በእርሳስ መሞከር ያደክማል። የሶቪየቱ ሒሳበኛ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የአቆራረጥ ብክነት የሚቀነስበትን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1939 ጽፎታል፤ በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ዛሬ እንደ ከትሊስት ኦፕቲማይዘር ያሉ ፕሮግራሞች ልኩን ሲሰጧቸው የአቆራረጡን ሥዕል ያወጣሉ።

ታዲያ ይህ አሠራር ለምን አይለመድም? ብዙ ጊዜ ቦርዱን ገዝቶ የሚያመጣው ደንበኛው ነው፤ ቁራጩ የሚቀረው ከአናጢው ዘንድ። ከእሱም በርጩማ ወይም ትንሽ መደርደሪያ ይወጣል። አልወቅሰውም፤ የእጅ ዋጋውን ተከራክረን ያስቀነስነው እኛው ነን።

ፕሮግራሙን ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ቦርዱ የእንጨት መልክ ያለው ከሆነ ክፍሎቹን እንዳያዞር አስቀድማችሁ እዘዙት። አለዚያ የቁም ሳጥኑ የአንዱ በር መስመር ቁልቁል፣ የሌላው አግድም ሆኖ ይወጣል።