22 ብዕር፣ አንድ መዝገብ

አምና ሰኔ ላይ የሠፈራችን ዕድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ምርጫ ስላችሁ ብዙ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰብሳቢው ተነሡና "ብዕር የሚሰበስብ ልጅ እያለ ሌላ ሰው ምን ያደርግልናል?" አሉ፤ ሰው ሳቀ፤ እጅ ወጣ፤ አለቀ። ከእኔ በፊት ለ24 ዓመት መዝገቡን የያዘው አባቴ ነበር። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ መስመሩ ይጣመምበት ጀመር፤ ስም በስም ላይ ጻፈ፤ በመጨረሻ በቃኝ አለ።

የዚያን ዕለት ማታ መዝገቡን ታቅፌ ቤት ገባሁና የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ቆርቆሮው ውስጥ 22 ብዕር አለ። እስክሪብቶ ማለቴ አይደለም፤ ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላውን፣ ጫፉ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀውን ብዕር ነው የምላችሁ። ለአሥር ዓመት ያህል የሰበሰብኳቸው ናቸው። የትኛው ነው መዝገቡን የሚጽፈው? ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸውና መምረጥ አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት በእነዚህ ብዕሮች አንድ ሙሉ ገጽ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ስሜን እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ አጥቤ እመልሳለሁ። በቃ።

ሾኔን ለማታውቁ፣ ከሻሸመኔ በሃላባ ቁሊቶ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የሀዲያ ከተማ ናት። በመኪና ለሚያልፍ ሰው ባጃጅ፣ ገበያና አቧራ ነች። የብዕር ሱቅ የለንም። ጽሕፈት መሣሪያ ቤቶቻችን የሚሸጡት ደብተርና ቢክ ነው። ታዲያ 22 ብዕር ከየት መጣ? ጥቂቱ አዲስ አበባ ስማር ከመርካቶ የለቀምኩት ነው። አብዛኛው ግን ከወንድሜ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤተሰብ እኛ ጋ ብዙ አይደለም። ታላቅ ወንድሜም በ2004 ዓ.ም. ሄደ። ጆሃንስበርግ ዳር ሱቅ ይሠራል። ወረቀቱ ስላልተስተካከለ መጥቶ አያውቅም። ግን በየመስከረሙ ለያሆዴ አገር ቤት የሚገቡ ሰዎች አይጠፉም፤ በእነሱ እጅ ለእናቴ ልብስ፣ ለአባቴ መድኃኒት፣ ለእኔ ብዕር ይልካል። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ሦስት። ከብዕሩ ጋር ሁሌም አንድ መልእክት ነው፦ "ጻፍበትና ደብዳቤ ላክልኝ።" እኔ ደግሞ በቴሌግራም ድምፅ ቀድቼ "ደርሶኛል ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። ከዚያ ብዕሩ ወደ ቆርቆሮው።

ብዕር የወደድኩት በአባቴ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አባቴ ፊደል የቆጠረ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጎልማሶችን ለማስተማር ተመደበ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሀዲይኛና ከምባትኛም ነበሩበት፤ ያኔ የሚጻፉት በእኛው ፊደል ነው። ዛሬ እኔ የማስተምራቸው ልጆች ሀዲይኛን የተማሩት በላቲን ስለሆነ የአባቴን የድሮ ማስታወሻ ሳሳያቸው በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት። አባቴ ያንን ሁሉ የጻፈው በአንድ የሻንጋይ ሄሮ ነው። ጫፉ የተሸፈነ፣ ሲያዩት አፍንጫው ብቻ ብቅ ያለ ብዕር። ቅርጹ ከ1941 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከተሸጠው ከፓርከር 51 የተቀዳ ነው። ዕድሩ ጸሐፊ ሲያደርገው መዝገቡንም በእሱ ጀመረ።

እስከ 2009 ዓ.ም. ክረምት ድረስ።

በዚያ ክረምት የቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ አፈሰሰ። ውኃው የወረደው አባቴ መዝገቡን የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ ነበር። ጠዋት ሲከፍተው የአባላት ስምና የከፈሉት ወር ያለበት ገጽ ላይ ሰማያዊ ደመና እንጂ ጽሑፍ አልነበረም። ተራ ሰማያዊ የብዕር ቀለም ልብስ ላይ ቢንጠባጠብ በውኃ እንዲለቅ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለተማሪ ጥሩ፣ ለመዝገብ ግን ጠላት። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከዚያ ገጽ ላይ ስማቸው ከነበረ አባላት የአንደኛው ባል ሞተ። እማማ እላቸዋለሁ፣ ጎረቤታችን ናቸው። የዕድሩ ደንብ ሦስት ወር ያልከፈለ ገንዘቡን አያገኝም ይላል። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው መጣ፣ ቆጮውም ቀረበ። ገንዘቡ ላይ ግን ኮሚቴው ተከፈለ። "ከፍለዋል" የሚልም ነበር፣ "ማስረጃ የለም" የሚልም። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚያው ተቀምጠዋል። ሁሉን ይሰማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው "በልጅህ ፊት ነው የሰጠሁህ" አሉት አባቴን። እውነታቸውን ነው፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነበርኩ። አባቴ "ጣሪያው የእኔ ነው፣ ቀለሙም የእኔ ነው። ጥፋት ካለ ከእኔ ቁረጡ" አለ። በመጨረሻ ተከፈላቸው፤ ከቀብር በኋላ፣ በአራተኛው ቀን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በቢክ ጻፈ። ሄሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

እንግዲህ ቆርቆሮዬ ፊት ቁጭ ብዬ ያቃተኝ ይኼ ነው። ከዚያ በፊት ብዕር የምመርጠው በመልኩ ነበር። አሁን እማማ ፊት የማያሳፍረኝን መምረጥ አለብኝ። የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንኩ ፈተና ማውጣት ይቀናኛል፤ አራት ፈተና አወጣሁላቸው። ፈተናው ሙሉ እንዲሆን የአባቴንም ሄሮ ከሣጥን አስወጣሁት። 23 ሆኑ።

አንደኛው፣ እዚህ ቀለም ያገኛል ወይ? አንዳንዱ ብዕር የራሱን ፋብሪካ ካርትሬጅ ካልሆነ አይቀበልም። ባዶውን ካርትሬጅ በሲሪንጅ መሙላት ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ፤ ግን ጥቂት ጊዜ ከተሞላ በኋላ አፉ ይሰፋና ያንጠባጥባል። ከጠርሙስ መጠጣት የማይችል ወጣ። ሰባት ተሰናበቱ። ከእነሱ ውስጥ በጣም የምወደው አንድ አረንጓዴ ነበር፤ ሁለት ቀን አኩርፌ ቆየሁ።

ሁለተኛው ፈተና ፊደል ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የብዕር ጫፍ ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም እየተባለ ይሸጣል፤ ልኩ የወጣው ግን ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል አንዷ ቅንጣት ላይ ይሞታል ይድናል። "ቢ" እና "ቤ"ን እዩአቸው። አንዱ ጭረት፣ አንዱ ቀለበት። ወፍራም ጫፍ በተራ ወረቀት ላይ ቀለበቱን ይደፍነዋል፤ "ቤ" የነበረው "ቢ" ይሆናል። የእኛ አካባቢ ስም ደግሞ "ቤ" እና "ቦ" ይወዳል። ሰው በስሙ ከፍሎ በሌላ ስም ሊመዘገብ ነው። ስለዚህ የ10 አባላት ስም በእያንዳንዱ ብዕር ጻፍኩና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ አስነበብኩ። ልጁ የተሳሳተበት ብዕር ወጣ። ስድስት ሄዱ። የጃፓን "ቀጭን" ከአውሮፓ "ቀጭን" ይልቅ እንደሚቀጥንም ያኔ በዓይኔ አየሁ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ዕድር በወር አንዴ ይሰበሰባል፤ ሞት ግን ቀጠሮ የለውም። ብዕሩ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲነሣ መጻፍ አለበት። ላቲን ተያይዞ ስለሚጻፍ ብዕሩ አንዴ ከተነሣ ይፈስሳል፤ እኛ ግን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ እያነሣን ነው የምንጽፈው፤ እየደረቀ የሚያስቸግር ብዕር በየፊደሉ ያሳጣናል። ሞልቼ ከድኜ ለሦስት ሳምንት ተውኳቸው። ስድስቱ ሲነሡ ወረቀት ከመቧጠጥ በቀር ምንም አላሉም።

አራት ቀሩ። ከምናለሽ ተራ ያገኘሁት አሮጌ ፓርከር 51፤ ወንድሜ የላከው ቢጫ ላሚ ሳፋሪ፤ እሱው የላከው ጥቁር ፓይለት፤ እና የአባቴ ሄሮ።

አራተኛው ፈተና የብዕሩም የቀለሙም ነበር፦ ውኃ። ከወንድሜ ዕቃ ጋር የመጣ የፔሊካን ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ነበረኝ። ይህ ቀለም ውስጡ የብረት ጨው አለው፤ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ከአየር ጋር ሲገናኝ እየጠቆረ ወረቀቱን ይነክሳል። በእንግሊዝ የጋብቻና የልደት መዝገቦች ለረጅም ዘመን የተጻፉት በዚህ ዓይነት ቀለም ነው። የእኛዎቹ የብራና ጸሐፊዎችም የማይጠፋ ነገር ሲፈልጉ ጥላሸት ተጠቅመዋል፤ ያ ግን ለመቃ ብዕር እንጂ ለእኔዎቹ አይሆንም፤ ጉሮሯቸውን ይዘጋል። በአራቱም ጻፍኩ፣ አሳደርኩ፣ ወረቀቱን የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት ሥር አስቀመጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰማያዊነቱ ታጥቧል፤ ከሥር ግን ግራጫ መስመር ቀርቷል፤ እያንዳንዱ ስም ይነበባል። እንዲህ ያለ ቀለም የሚወድ ብዕር ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ፓርከሬን ፈትቼ ማጠብ ስለምፈራ እሱን ሸጥኩት፤ በገንዘቡ አዲስ መዝገብ፣ የላስቲክ ሽፋንና ሁለት ቆርቆሮ ለጣሪያው ገዛሁ። ላሚው ጎበዝ ነው፤ ጨበጣው ባለ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የልጅ ጣት ያስተካክላል፤ መጀመሪያም በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ለተማሪ ተብሎ ነው። ያን ስሞች ያነበበልኝ ልጅ ወሰደው። የሚሠሩትን ሌሎቹን ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎች አከፋፈልኩ።

ሁለት ቀሩ፤ ፓይለቱና ሄሮው። ፓይለቱ ለስሞቹ፣ ሄሮው ለወጪና ገቢው።

አባቴ ይህን ሁሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆይቶ "ቢኩስ?" አለኝ።

"የቱ ቢክ?"

"ሰው ሲፈርም ምን ልትሰጠው ነው?"

አላሰብኩበትም ነበር። የብዕር ጫፍ የአንድን ሰው እጅ ይለምዳል፤ ድንኳን ውስጥ እየዞረ 40 ሰው ተጭኖ ቢፈርምበት ማታውን ይሰነጠቃል። ደግሞ የቢክ ቀለም ዘይት ነው፤ በውኃ አይለቅም። ሃንጋሪያዊው ቢሮ በ1938 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ያቺ ተንከባላይ ቅንጣት ኳስ፣ ሰባት ዓመት የአባቴን መዝገብ ጠብቃለታለች። እኔ ግን እንደ ሽንፈቱ ነበር የማያት። አሁን ሁለቱ ብዕሮች ባሉበት የብረት መያዣ ውስጥ ሦስተኛዋ ሆና አንድ ሰማያዊ ቢክ አለች። ብጠፋ እንኳ ማንም አያለቅስላትም፤ ለዚህ ነው የምትፈለገው።

የመጀመሪያው ስብሰባ የሐምሌ ነበር። እማማ ቀድመው መጡ፤ ገንዘባቸውን ሰጡኝና ዞር ሳይሉ ቆሙ። ስማቸውን ጻፍኩ። "ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። "ወሩንም።" ወሩንም አነበብኩ። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ።

ባሕር ማዶ ያሉ አባላት በመዝገቡ መጨረሻ ለብቻቸው ናቸው፤ ገንዘባቸውን ቤተሰብ ይከፍልላቸዋል። ወንድሜ አንዱ ነው። ዕድር ለምን እንደሚከፈል ታውቃላችሁ፤ እዚያ ያለ ሰው ለምን እንደሚከፍል ደግሞ እኛ ጋ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። እናቴ ከመቀነቷ ፈትታ የሱን ሰጠችኝ። በላከው ብዕር ስሙን ጻፍኩ። ስሙ ውስጥ አንድ "ቤ" አለች። ቀለበቷ ክፍት ነው።

ገጹን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ማታ ሱቁን ሲዘጋ መለሰልኝ፦

"ጽሑፍህ ያምራል። ደብዳቤዬስ?"

ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ። ለመጪው ያሆዴ ከሚመለሱት በአንዱ እጅ እልከዋለሁ።