የኛ መሬት ስንተኛው ቀለበት ላይ ነው?

ረዘም ያለ ነገር ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የ2009 ተማሪዎቼ ልጁን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉት አደራ። እንድጽፍ የፈቀደልኝ ስሙ ሳይጠራ ነው።

የዚያን ዓመት አሥረኛ ክፍል የግብርና ጂኦግራፊ ላይ ደርሰን ነበር። የቃላት ጎተራ ማለት ነው፤ ሰብሲስተንስ፣ ኮሜርሻል፣ ኢንቴንሲቭ፣ ኤክስቴንሲቭ፣ ሚክስድ ፋርሚንግ። እኔ ደግሞ ያኔ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ትርጉሙን አስገልብጬ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሬ የምወጣ ሰው ነበርኩ። የክፍሉ ግማሽ የገበሬ ልጅ ነው። ማታ ጥጃ አስሮ፣ ጠዋት እበት ዝቆ የመጣ ልጅ "ሚክስድ ፋርሚንግ ማለት ሰብል ማምረትና ከብት ማርባትን አንድ ላይ መያዝ ነው" ብሎ ከኔ ይገለብጣል። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሰብሲስተንስን ሳስረዳማ "አባቶቻችሁ የሚያርሱት ዓይነት፣ ከእጅ ወደ አፍ" ብዬ አልፌያለሁ። ጤፉን ሸጦ በርበሬና ደብተር የሚገዛ አባት ያላቸው ልጆች ዝም ብለው ጻፉት።

ከመጽሐፉ ወጣ ብዬ ያስተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የፎን ቱነንን ቀለበቶች ነው። ኮሌጅ ስማር በጣም ስለወደድኩት ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ፎን ቱነን ጀርመናዊ ነው፤ ራሱ እርሻ ያስተዳድር ነበር፣ ወጪና ገቢውን እየመዘገበ። መጽሐፉን ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1826 ነው። እንዲህ ይላል፦ አንዲት ከተማ ብቻዋን ሜዳ ላይ ተቀምጣለች እንበል። ተራራ የለም፣ አፈሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ገበሬው ምን እንደሚያመርት የሚወስነው ምንድነው? ከገበያው ያለው ርቀት።

ከተማዋን ተጠግቶ ወተትና አትክልት ይመረታል፣ ቶሎ ስለሚበላሽ። ቀጥሎ የማገዶ ደን ይመጣል፤ እንጨት ከባድ ነው፣ ከሩቅ አይጫንም። ከዚያ እህል፣ ምክንያቱም አይበላሽም። ዳር ላይ ከብት፣ እሱ በእግሩ ስለሚሄድ። ከሁሉም ሥር ያለችው ቃል "ሬንት" ናት። የቤት ኪራይ አይደለችም። ገበሬው ምርቱን ሸጦ፣ የማምረቻና የማጓጓዣውን ሲቀንስ ከመሬቱ የሚተርፈው ነው። ለከተማ በቀረብክ ቁጥር የማጓጓዣው ያንሳል፣ ትርፉ ይበዛል፣ መሬቱ ይወደዳል።

ልጆቹ የነቁት ስለ ባሕር ዛፍ ሳወራ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር፣ በኋላ ባሕር ዛፉ ዙሪያዋን ሲበቅል እንደተረጋጋች። ያ ሁለተኛው ቀለበት ነው አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ያኔ ነው ከኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ልጅ እጁን ያወጣው። በእግሩ ከከተማው ዳር ካለች ቀበሌ የሚመላለስ፣ ብዙም የማያወራ ልጅ።

"ቲቸር፣ የኛ መሬት ስንተኛው ቀለበት ላይ ነው?"

"የት ነው መሬታችሁ?"

"እዚሁ ዳር ላይ። ከተማው ደርሶብናል።"

"እንግዲያው አንደኛው ላይ ናችሁ።"

"ታዲያ ከገበያው የቀረበ መሬት የሚወደድ ከሆነ፣ የኛ ለምን በጤፍ ተገመተ?"

የሳቁ አሉ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "እሱ ለፈተና አይመጣም።" ሰሌዳውን አጠፋሁና ደወል ሳይደወል ወጣሁ።

ልጁ የጠየቀው ምን እንደነበር ለማያውቅ ላስረዳ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ገበሬው መሬቱን ለልማት ሲለቅ ያኔ የሚሠራበት አዋጅ 455/1997 ነበር። በላዩ ላለው ንብረት ካሳ ይሰጣል፤ ለመፈናቀሉ ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ይባዛል። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ከገባ በኋላ በሊዝ ጨረታ ይወጣል። ጨረታው ላይ የሚቆጠረው ቦታው ነው፤ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ገበያው። ጤፍ ማንም አያነሳም። አንዱን መሬት በሁለት ሚዛን ማለት ነው፤ ሲወሰድ በምርቱ፣ ሲሰጥ በቦታው። ሬንት ማለት በትክክል በሁለቱ መሃል ያለው ነገር ነው። እኔ ሁለት መስመር አስምሬበት የወጣሁትን ቃል ልጁ ቤቱ ተቀምጦ እያየው ነበር።

ሚያዝያ ላይ መምጣት አቆመ። መዝገቡ ላይ "አቋርጧል" ብዬ ጻፍኩ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም ነበር። አልሄድኩም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፣ የፈተና ወረቀት ታቅፌ ማታ ባጃጅ ስጠብቅ አንዱ ቆመና "ቲቸር!" አለኝ። እሱ ነው። በካሳው ገንዘብ አንድ ባጃጅ ገዝተው፣ ቤት ሠርተው፣ የቀረውን ኑሮ በልቶታል። በልጅነቱ በሬ ሲጠምድ እጁ ላይ የቀረችው ጠባሳ መሪው ላይ ትታያለች። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ መጥቶ ስለ ቤንዚን ዋጋ አወራሁ።

በኋላ ግን አንድ እሑድ ወሰደኝ። መሬታቸው በቆርቆሮ ታጥሮ ቁጭ ብሏል፣ ምንም አልተሠራበትም። ውስጡ ሣር ነው፣ እስከ ወገብ። አባቱ ከሁለት ላሞች ጋር እዚያው ዳር ናቸው፤ ሣሩን ከዘበኛው በገንዘብ ይገዙታል። የራሳቸው ማሳ የነበረውን! "ምን ላድርግ መምህር" አሉኝ፣ "ከብቶቹ መንገዱን ያውቁታል።"

ከሁሉ የቆረጠኝ ግን ያኔ ቁጭ ብለን የነገሩኝ ነው። መሬቱ ሊወሰድ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ከልኬቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ወሬው ከመጣ በኋላ ፍግ አላወጡም። ጎረቤታቸውም አላወጣም። ለሚለቀቅ መሬት ማን ይደክማል? ድሮ ሦስት ጊዜ የሚያርሱትን፣ ገምሰው፣ አይመው፣ ሰልሰው፣ ሁለቴ ብቻ አርሰው ዘሩ። ምርቱ ወረደ። አሁን እናስላው፤ ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው። ግማሽ ሄክታር፣ ሁለት ጥማድ ገደማ፣ በደህናው ጊዜ 8 ኩንታል ይሰጣል። ሦስቱ ዓመት 8፣ ሁለቱ 5 ከሆነ አማካዩ 6.8 ነው። በ10 ሲባዛ 68 ኩንታል። ወሬው ባይመጣ 80 ይሆን ነበር። መፈናቀሉ ሳይመጣ ፍርሃቱ ብቻ 12 ኩንታል ወሰደባቸው። አዲሱ አዋጅ 1161/2011 ከሦስት ዓመት ከፍተኛውን ወስዶ በ15 አባዝቷል፤ ይሻላል። እሳቸው ግን ቀድመው ፈርመዋል።

ማታ ቤቴ ገብቼ በስልኬ ስፈልግ አንድ ሲንክሌር የሚባል ጂኦግራፈር አገኘሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ1967 የአሜሪካ ከተሞችን አይቶ የፎን ቱነን ቀለበት እንደሚገለበጥ ጽፏል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ዳሩ ላይ ያለ ገበሬ ነገ መሬቱን እንደሚለቅ ስለሚያውቅ ጉልበቱንና ገንዘቡን አያፈስበትም፤ መሬቱ ጦም ያድራል ወይ ለግጦሽ ይተዋል። በደንብ የሚታረሰው ራቅ ያለው ነው። ከከተማው ጥግ ሣርና ላም! እኔ በዓይኔ አይቼው የመጣሁትን ማለት ነው። የልጁ ጥያቄ እኔ ከመወለዴ በፊት ተጠይቆ የተመለሰ ጥያቄ ነበር። አንድ ሳምንት ስጠኝና ላንብብ ብለው ኖሮ አገኘው ነበር።

ዘንድሮ ሁለቱንም ሥዕል ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ሳልኳቸው። ልጆቹን የቤታችሁን ቦታ አመልክቱ አልኳቸው። አምስት ልጆች ተነስተው ጠመኔውን ተቀባበሉ፤ አንዷ ከሁለቱም ሥዕል ውጪ ምልክት አደረገችና "እኛ ገና አልተለካንም" ብላ ተቀመጠች። የሷን ነገር ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ይህንን ከመለጠፌ በፊት ለልጁ ላኩለት። ማታ መለሰልኝ፦ "ቲቸር ይለጥፉት፣ ችግር የለውም። አባዬ ዘንድሮ ሣሩን አልገዛም። ባለፈው ሳምንት ኤክስካቫተር ገብቷል። አንዷን ላም ሸጠናታል።"