የሐምሌ ቀሚስ፣ የመስከረም ሻንጣ

ሐምሌ ሲገባ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በላብ ይጠመቃሉ። ሙቀቱ እርጥብ ነው፤ ከቤት ወጥቶ መኪና ጋ እስኪደረስ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። የልብስ ሱቆቹም መስኮታቸውን በስስ ሊነን፣ እጅጌ በሌለው ቀሚስ፣ በሣር ባርኔጣና በክፍት ጫማ ይሞሉታል። በዚያው ሳምንት ቦሌ ያለች ቡቲክ በሯ ላይ የምትሰቅለው ግን ወፍራም ጃኬት፣ የቱርክ ሹራብና ቡትስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌዋ ዝናብ፣ ጭቃና ጋቢ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ አገር ቤት የምንገባው ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው፣ ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በሰንደል ጫማ የተነሳች ሴት ቦሌ ስትደርስ ጭቃውን በጣቶቿ ትቀበለዋለች።

ስለ ልብስ ገበያ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ የወቅት መገላበጥ ነው። እዚህ በጋው አልቆ የበጋ ልብስ ሲረክስ፣ እዚያ ዝናቡ ሊያባራ፣ ፀሐይ ልትወጣ፣ ዘመን ሊለወጥ ነው። ልብስ ለሚወድና ሻንጣ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

እዚህ ያለው የመግዛት ደስታ የትዕግሥት ደስታ ነው። በአሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ኪንግ ስትሪት ላይ፣ ወይም ጆርጅታውን ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቡቲኮች የበጋ ልብሳቸውን ማውጣት የሚጀምሩት ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ባለቤቷ ከወራት በፊት መርጣ አዝዛ ያስመጣችው ስለሆነ ከአንዱ ዓይነት የሚገኘው ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው። ያኔ ዋጋው አይነካም። እኔም አልነካውም፤ ጨርቁን ግን እነካለሁ። በጣቶቼ መካከል አሸዋለሁ፣ ገልብጬ የውስጥ ስፌቱን አያለሁ፣ የት እንደተሠራና ከምን እንደተሠራ መለያውን አነባለሁ፣ ሰቅዬው እወጣለሁ። ጁላይ አራት ሲያልፍ የመጀመሪያው ቅናሽ ይመጣል። ኦገስት ላይ የመኸሩ ሹራብ ቦታ ይፈልጋል፤ የኪንግ ስትሪት ባለሱቆች የልብስ መስቀያውን እየገፉ እግረኛ መንገዱ ላይ ያወጡታል። ቶሎ የገዛ ይበላል፣ ብዙ የጠበቀ ደግሞ ልኩን ያጣል። እኔ የምወደው በነዚህ ሁለቱ መካከል ያለችውን ሳምንት ማደን ነው።

ሜሪላንድም የራሷን ትጨምራለች። ኦገስት ውስጥ ለአንድ ሳምንት፣ ዋጋቸው ከ100 ዶላር በማይበልጥ ልብስና ጫማ ላይ 6 በመቶውን የሽያጭ ግብር ታነሳለች። የ80 ዶላር ቀሚስ ላይ የሚተርፈው አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም። ሕዝቡ ግን ስኳር በቀበሌ ዋጋ መጣ እንደተባለ ነው የሚወጣው፤ እኔን ጨምሮ።

መለያ ማንበብ ካልኩ አይቀር፣ አንድ ሰሞን እዚህ ትልልቅ መደብሮች ውስጥ «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ» የሚል ልብስ ማግኘት ይቻል ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ ስማቸው የገነነ የአሜሪካ ኩባንያዎች እዚያ ያሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ ያ ነገር ሳሳ። አሁንም ግን ሸሚዝ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ አንገቱ ሥር ያለችውን ቁራጭ ጨርቅ መፈለጉን አልተወም።

ሌላው እዚህ የለመድኩት ነገር ብቻዬን መተው ነው። ሻጯ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» እላታለሁ፤ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰባት ቀሚስ ለክቶ ባዶ እጅ መውጣት ነውር አይደለም። የመለኪያ ክፍሉ ይቆለፋል፣ መስታወቱ ረጅም ነው፣ መብራቱም ሰው እንዲያሳምር ተብሎ የተመረጠ ነው። ደረሰኝ ካለ ልብሱ ይመለሳል። በቅናሽ የወጣውን ግን ብዙዎቹ ትናንሽ ቡቲኮች አይመልሱም፤ ቸርነታቸው እስከ ቅናሹ ድረስ ነው።

አዲስ አበባ ላይ «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» የሚባል መልስ የለም። ማለት ይቻላል፤ የሚሰማ ግን የለም። ገና በሩ ላይ «ግቢ እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» ትባያለሽ። ሻጩ ወጣት ከላይ እስከ ታች አንዴ ያይሽና ልክሽን ይናገራል፤ አይሳሳትምም። የጠየቅሽው ቀለም ሱቁ ውስጥ ከሌለ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ይወጣል፣ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጎረቤት ሱቅ ይዞት ይመጣል። የጎረቤቱ ዕቃ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም እንደምታውቂ ያውቃል። ከዚያ «የቱርክ ነው፣ ኦሪጅናል» ይላል። «መጨረሻውን ንገረኝ» ትያለሽ። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ጠዋት ነው፣ የመጀመሪያዬ ነሽ» ይላል። ግማሹን ትጠሪያለሽ። ልቡ እንደተሰበረ ሰው ልብሱን ያጥፋል። ትወጫለሽ። አምስት እርምጃ ሳትሄጂ ይጠራሻል።

ይህን ድራማ የሚጠሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እኔ ግን አንድን ልብስ ከሰው ጋር ተከራክሮ ማግኘት ለልብሱ ታሪክ ይሰጠዋል ባይ ነኝ። ኪንግ ስትሪት ላይ የገዛኋቸውን ቀሚሶች ማን እንደሸጠልኝ አላስታውስም። መርካቶ የተከራከረኝን ልጅ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ባየው አውቀዋለሁ።

የአዲስ አበባ ሱቆች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተጽፎ ተለጥፏል። እዚህ የለመደ ሰው ሲያየው ይደነግጣል። ነገር ግን ከሱቁ በር አጠገብ፣ ወይም ከሕንፃው ደረጃ ሥር፣ ሲንጀሩን የዘረጋ ልብስ ሰፊ አለ። ትከሻው ወርዷል? ያነሳዋል። ወገቡ ሰፍቷል? ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ያጠብበዋል። ልብስ መመለስ የማይቻልበት ገበያ ልብሱን ከሰውነት ጋር የሚያስታርቅ ሰው ይዟል። እዚህ ተቃራኒው ነው፤ መመለስ ቀላል ነው፣ ማስጠበብ ግን ሌላ ሱቅ መፈለግ፣ ቀጠሮ መያዝና አንዳንዴም የቀሚሱን ዋጋ ያህል መክፈል ይጠይቃል። እኔ ወገቤና ዳሌዬ በአንድ ቁጥር የማይስማሙ ሴት ነኝ፤ ከዚህ አንፃር ድምፄን የምሰጠው ለደረጃው ሥር ሰውዬ ነው።

አገር ቤት ያልወደድኩት ነገር የቴሌግራሙ ገበያ ነው። ቡቲኮቹ አሁን ልብሳቸውን በቻናል ይለጥፋሉ፤ ፎቶው ያምራል፣ ልኩ ተጽፏል፣ ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር» ነው። በውስጥ መስመር ስትጠይቂ ስልክሽ በውጭ አገር ቁጥር የሚጀምር ከሆነ መልሱም በዚያው መጠን ይወፍራል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው በእህቴ ስልክ ነው።

ሰልባጁንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እዚህ የተለበሰ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ መግባት ብልህነት ነው፤ ሰዎች በስንት እንዳገኙት ሳይጠየቁ ያወራሉ። እኛ ዘንድ ቦንዳ ሲፈታ ቀድሞ ለመድረስ የሚሽቀዳደመው ሰው ብዙ ነው፤ ከየት ገዛሽው ሲባል ግን «ከውጭ ተልኮልኝ» ይባላል። ወጣቶቹ አሁን ይህን ኀፍረት እየጣሉት ነው፤ ጥሩ አደረጉ።

ዋናው ነገር ግን ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ በሁለቱም የመንገድ ዳር የተደረደሩትን ሱቆች ማንም የአዲስ አበባ ሰው ያውቃቸዋል። ብዙዎቻችን የምናስባቸው ለሰርግና ለበዓል ነው። እኔ ግን እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ሸማ የሙቀት ልብስ መሆኑ የገባኝ። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ሲሆን ጨርቁ ውስጥ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል፤ ላብ ይጠጣል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሰውነት ላይ አይለጠፍም። ለዋሽንግተን ሐምሌ ከዚህ የተሻለ ጨርቅ ሱቅ ገብቼ አላገኘሁም። ችግሩ ቁመቱና ክብደቱ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ባለ ሰፊ ጥለት ቀሚስ ለብሶ ሜትሮ ባቡር መሳፈር አይመችም። መፍትሔው ማዘዝ ነው። እህቴ ልኬን ይዛ ትሄዳለች፤ ጉልበት ላይ የሚቀር፣ እጅጌ የሌለው፣ ጥበቡ አንገቱና ኪሱ ላይ ብቻ ያለ፣ በነጭ ላይ ነጭ። ሸማኔው፣ አብዛኞቹ እንደሚሆኑት የጋሞ ሰው፣ መጀመሪያ «ጥበብ ያነሰው ልብስ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ተከራክሯል አሉ። ቀሚሱ ሲደርስ ኪስ ነበረው። እዚህ ኪስ ያለው ቀሚስ ያገኘች ሴት ምን ያህል እንደምትደሰት የሚያውቅ ያውቀዋል።

እዚያው ሽሮ ሜዳ አሁን በእጅ ከተሠራው ይልቅ ጥበቡ በማሽን የታተመበት ጨርቅ ይበዛል፤ ረክሶ ስለሚገኝ የሚገዛው ሰው አይፈረድበትም። በሙቀት ግን ያው ላስቲክ ነው፤ ለሐምሌ አታምጡት።

ሸማን የሙቀት ልብስ የማድረጉን ሐሳብ ከእኔ በፊት በትልቁ ያሰበችው ሊያ ከበደ ናት። ሞዴሏ አዲስ አበባ መጥታ የአገር ልብስ ፈላጊው አንሶ ሸማኔዎች ሥራ ሲፈቱ አይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት መሠረተች። በልጆች ልብስ ጀምራ ዛሬ በእጅ የተሸመነ የባሕር ዳርቻ ቀሚስና ካፍታን በመላው ዓለም ትሸጣለች። እዚህ አንድ ቡቲክ ውስጥ ከሊነኖቹ መካከል ተሰቅሎ ሳየው ከመለያው በፊት ጨርቁን ነው ያወቅኩት። ዋጋው በመቶዎች ዶላር ነበር። አጠገቤ የነበረች ፈረንጅ ሴት «ምን ያህል ቀላል ነው!» ስትል ልቤ በኩራት ሞላ፤ ዋጋውን ደግሜ ሳየው ደግሞ የእህቴን ስልክ ቁጥር አስታወስኩ። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው። ሸማኔ በደንብ የሚከፈለው አንድ ሰው ያንን ዋጋ ሲከፍል ነው፤ እኔ ግን ሽሮ ሜዳ ዘመድ አለኝ።

አዲስ ልብስ ለብሶ መውጣትም በሁለቱ አገር አንድ አይደለም። እዚህ ቢሮ ውስጥ «ቀሚስሽን ወድጄዋለሁ፣ ከየት ነው?» ይባላል፤ ሱቁ ይነገራል፤ አለቀ። ሐበሻ ግን «ስንት ገዛሽው?» ይላል። ስትነግሪው «ተበልተሻል!» ይልሻል፣ ከዚያ «እላይሽ ላይ ይለቅ» ብሎ ይመርቅሻል። ልጅ ሆነን አዲስ ጫማ ያደረገን ሁሉ ሰፈሩ ተራ በተራ እየረገጠ ነበር የሚመርቀው። እዚህ ለተወለደችው ልጄ ይህን ሳወራላት «ለምን ፖሊስ አልጠሩም?» አለችኝ።

ታዲያ የቱ ይሻላል ለሚለኝ፣ ለሥራና ለዘወትር የሚሆነውን ኦገስት ላይ እዚህ እገዛለሁ፤ በሰውነቴ ልክ መሆን ያለበትን እዚያ አሰፋለሁ። የእህቴን ልጆች የእንቁጣጣሽ ልብስ ደግሞ የምገዛው በኦገስት ቅናሽ ነው። ጥጥ ሸሚዝ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ክፍት ጫማ፤ እዚህ ማንም ሊያየው በማይፈልግበት ሳምንት እገዛውና ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ይገባል። ሃያ ሦስት ኪሎ ላይ ለልብስ የሚተርፍ ቦታ ማግኘት ራሱ ድርድር ነው፤ ሁሉም ሰው የአንድ ሰው መድኃኒትና የሌላ ሰው ስልክ ይዟል። መስከረም አንድ ላይ፣ ልክ ዝናቡ ሲለቅ፣ ልጆቹ ይለብሱታል።

ሁለቱ ገበያዎች የሚገናኙበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ በየዓመቱ ጁላይ አራት አካባቢ ከተማ እየቀየረ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲመሠረት ለኳስ ነበር፤ አሁን ግማሹ ሰው ኳሱን ሳያይ ነው የሚመለሰው። ከስታዲየሙ ውጭ ድንኳኖቹ ይደረደራሉ፦ ጥብስ፣ ቡና፣ ካሴት ይሸጥ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ቲሸርት፣ የወንድ ሸሚዝ ኮሌታው ላይ ጥበብ ያለበት፣ አጭር የሐበሻ ቀሚስ በሁሉም ቀለም። ልብሱ የሽሮ ሜዳ ነው፣ ዋጋው በዶላር፣ ሙቀቱ የአሜሪካ፣ ክርክሩ በአማርኛ። አንዲት ወጣት ባለ ድንኳን አጭር ሰማያዊ ጥለት ያለበት ቀሚስ ሰጥታኝ፣ «ፊክስድ ነው እህቴ፣ አይቀነስም» አለችኝ፤ ልክ ኪንግ ስትሪት ላይ እንዳለች። እኔም እዚህ እንደለመድኩት አመስግኜ ልመልሰው ስል፣ ከኋላዬ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ እናት ቀሚሱን ከእጄ ወሰዱት። ገለበጡት። ስፌቱን አዩ። «ልጄ፣ ይኼ ታትሞ ነው እንጂ ተሸምኖ አይደለም፤ በዚህ ዋጋ?» አሉ። ልጅቷ ከጀርባዋ ያለውን ሻንጣ ከፈተች፣ ሌላ አወጣች፣ የተሸመነውን። ዋጋውንም በዚያው ቀነሰች። እናት ደግሞ አልበቃቸውም፤ «ለዚችም ለእኔም፣ ሁለት ነው የምንወስደው» ብለው ሌላ አሥር ዶላር አስወረዱ። በዜል ከፈልን።