ስለ ቤት ጌም መሣሪያ የሰንበት ተጫዋቾች አስተያየት

ኮንሶል የሚባለውን የቤት ጌም መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች አስተያየት የሚጠይቁት ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት የሚያድረውን ሰው ይመስላል። የእርሱም መልስ የታወቀ ነው፤ ሥዕሉ ይጥራ፥ ፍጥነቱ ይጨመር፥ ዓለሙ ይስፋ ይላል። በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ያውም ፈተና ካልደረሰ፥ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚጫወተውን ሰው ግን «አንተስ ምን ጐደለህ?» ያለው የለም። እኛ ከዚህ ወገን ነን። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» ተብሎ ቢተረትብንም፥ ዛሬ ሳንጠራ አቤት ልንል ተነሥተናል።

እኛ ስንል አራት ተማሪዎች ማለታችን ነው። ከግቢ ውጭ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። አምና በየወሩ እያዋጣን እንደ ዕቁብ ያጠራቀምነውን ገንዘብ አውጥተን አንድ ያገለገለ መሣሪያ ከሁለት ጆይስቲክ ጋራ ገዛን። የትኛው ኩባንያ እንደ ሠራው አንናገርም፤ ነገራችን ከአንድ ኩባንያ ጋራ ሳይሆን ከዘመኑ መሣሪያዎች ሁሉ ጠባይ ጋራ ነውና። በችሎታ በኩልም የሚወራልን ሰዎች አይደለንም፤ በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉት የሰባተኛ ክፍል ልጆች በእግር ኳሱ ጨዋታ አምስት ለባዶ ሸኝተውናል።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። የሶኒ ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በጃፓን አገር ለሽያጭ ያቀረበው በ1994 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ የሰው ፊት ከጥቂት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ነበር፤ በ2020 በወጣው በአምስተኛው ፕሌይስቴሽን ግን በእግር ኳስ ተጫዋቹ ፊት ላይ ላቡ ሳይቀር ይታያል። የሃያ ስድስት ዓመት ድካም ነውና የሠሩት መሐንዲሶች ሊከበሩ ይገባል። ዳሩ ግን የኛ ቴሌቪዥን ባለ 32 ኢንች ነው፤ ሥዕሉ ከዚህ በላይ ቢጠራ ዐይናችን አይለየውም። ስለዚህ ለኛ የጐደለን ሥዕል አይደለም። የምንፈልገው መሣሪያው ሰዓታችንን እንዲያከብር፥ መብራት ሲጠፋ እንዲችል፥ የጋራ ንብረት መሆኑንም እንዲያውቅ ነው።

ስለ ሰዓት እንጀምር። ገበጣ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ጠጠሩን ሰብስቦ፥ ባልንጀራውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጀምራል፤ ገበጣው «ቈየኝ፥ ልታደስ ነው» አይለውም። የጥንቱም ኮንሶል እንዲሁ ነበር። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ዲስኩን ከተው ሲያበሩት ጥቂት ቈይቶ ጨዋታው ይከፈታል፤ የተጫዋቹ ጉዞ የሚመዘገበውም 128 ኪሎባይት በምትይዝ፥ በ15 ክፍል በተከፈለች ትንሽ ካርድ ላይ ነበር። ዛሬ ግን ዲስክ መግዛት የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። በ2018 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ለፕሌይስቴሽን 4 የተሸጠው በሁለት ዲስክ ሲሆን፥ ወደ መሣሪያው ሲገለበጥ የሚይዘው ቦታ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ 825 ጊጋባይት ቢባልም፥ መጀመሪያ ሲወጣ ለጨዋታ የሚተርፈው 667 ያህል ብቻ ነበር። በዚህም ላይ ጨዋታው ከተሸጠ በኋላ አፕዴት የሚሉት ማሻሻያ በየጊዜው ይመጣል።

ዘወትር ለሚጫወት ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ እርሱ ሲተኛ መሣሪያው ይታደሳል። እንደኛ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለሚከፍተው ሰው ግን የከረመው ዕዳ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠብቀዋል። እሑድ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ሰዓት ልንጫወት ተስማምተን ስንከፍተው፥ ዐሥር ሰዓት የሚሞላው የማሻሻያው መስመር ገና ግማሽ ሳይደርስ ነው። ኢንተርኔቱንም ከስልካችን በጥቅል የምንገዛው ስለ ሆነ፥ ለአንድ ማሻሻያ የሚወጣው ጊጋባይት ለሳምንቱ ትምህርት ከታሰበው ላይ የሚቀነስ ነው።

ማሻሻያው ይቅር አንልም፤ የጨዋታው ጉድለት የሚታረመው በእርሱ ነው። የምንለው እንዲህ ነው። አንደኛ፥ መሣሪያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ማሻሻያው ስንት ሜጋባይት እንደ ሆነና ለምን እንደሚጠቅም በአንድ መስመር ይንገረን። ሁለተኛ፥ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚጫወቱትን ጨዋታ ማሻሻያው እስኪያልቅ አያስጠብቅብን፤ በአሮጌው እንጫወት፥ ስንጨርስ ይታደስ። ሦስተኛው ደግሞ የፍላሽ ነገር ነው። ሶኒ የመሣሪያውን የራሱን ሶፍትዌር በኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ መጫንን ይፈቅዳል። ይህ በር ለጨዋታዎቹም ማሻሻያ ቢከፈት፥ ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ገልብጠን ወደ ቤታችን ማምጣት በቻልን ነበር። ተማሪ ፊልሙንም መጽሐፉንም የሚለዋወጠው በፍላሽ ነውና መንገዱን እናውቀዋለን።

ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። አንድ ምሽት የእግር ኳሱ ግጥሚያ 85ኛው ደቂቃ ላይ ደርሶ፥ አንዱ ወገን ሁለት ለአንድ ሲመራ፥ መብራት ሄደ። የሚመራው «አሸንፌያለሁ» አለ፤ የሚመራበት «ያላለቀ ግጥሚያ አይቈጠርም» አለ፤ ሻማ ለኩሰን እስከ እራት ድረስ ተከራከርን። መብራቱ ሲመለስ መሣሪያው ስለ ግጥሚያው የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። በእግር ኳስ ጊዜ ይህ ለሳቅ ይሆናል፤ ረጅም ታሪክ ባለው ጨዋታ ግን ሳይመዘገብ የጠፋው ጉዞ የሳምንቱ ዕረፍታችን በሙሉ ነው።

ለዚህ ነገር መድኃኒት የለውም እንዳይባል፥ የተጀመሩ መንገዶች አሉ። በፕሌይስቴሽን 4ና 5 ጨዋታውን አቁሞ መሣሪያውን በዕረፍት ማቈየት ይቻላል፤ ነገር ግን የቆመው ጨዋታ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ በሚያስታውስ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ፥ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት በ2020 ባወጣቸው በኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ኤስ ላይ ኵዊክ ሪዚዩም የተባለ ዘዴ አለ። ይህ ጨዋታውን ወደ ቋሚው ማከማቻ ስለሚጽፈው፥ ሶኬቱ ተነቅሎ ቢመለስ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል። ኒንተንዶ በ2017 ያወጣው ስዊች ደግሞ ባትሪው በሆዱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቢጠፋ መሣሪያውን አንሥቶ በራሱ መስታወት መቀጠል ይቻላል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሁለቱን ማጋባት ነው፤ ትልቁ ኮንሶል ትንሽ ባትሪ ይኑረውና፥ መብራት በድንገት ሲጠፋ ጨዋታውን ጽፎ ይተኛ።

ከአራታችን አንዱ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ስለ ሆነ በወረቀት አሰላልን። ትልቁ ኮንሶል ሲጫወቱበት 200 ዋት ገደማ ይወስዳል። 16 ጊጋባይት የሆነውን ትውስታ ወደ ማከማቻው ለመጻፍ ዐሥር ሴኮንድ ይፈጃል ብንል፥ የሚያስፈልገው ጉልበት 2000 ጁል፥ ማለት ከግማሽ ዋት-ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው። 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሆነ የስልክ ባትሪ 18 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። እንግዲህ የምንለምነው ከአንድ ስልክ ባትሪ ጉልበት ከሠላሳ እጅ አንዱን ያህል ነው። እርግጥ ያን ሁሉ ዋት በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችል ዓይነት ባትሪ መሆን አለበት፤ ዋጋም ይጨምራል። ቢሆንም አራት ኪሎ ተኩል በሚመዝን መሣሪያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ ይጠፋል ብለን አናምንም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደን የባለቤትነት ነገር ነው። መሣሪያውን የገዛነው አራታችን ነን፤ መሣሪያው ግን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ ሁሉ በአንድ አካውንት ስም ይመዘገባል። አካውንቱ ያለው በታላቃችን ስም ነው፤ እርሱም ዘንድሮ ይመረቃል፥ ሥራ የሚያገኝበትም ከተማ ገና አልታወቀም። በአራታችን ገንዘብ የገዛናቸው ሦስት ጨዋታዎች ባለቤታቸው እርሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። አንድ መሣሪያ ዋና ተብሎ ከተመዘገበ በቤቱ ያሉ ሁሉ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ባለ አካውንቱ ነገ ሌላ መሣሪያ ገዝቶ ዋናነቱን ወደዚያ ቢያዞር፥ የቀድሞው ቤት ባዶ እጁን ይቀራል። እርሱ ይህን አይፈልግም፤ እኛም አንቀየመውም። ግን አራት ጓደኛሞች በፍቅር ያዋጡትን ገንዘብ እንዲህ የሚያደርግ ሥርዓት ጤናማ ነውን?

ዲስክ እንዲህ አያደርግም። ዲስክ የቤቱ ነው፤ ለጎረቤት ይዋሳል፥ ይለወጣል፥ ይሸጣል። ይህን መብት ለመንካት የተሞከረበት ጊዜ ነበር። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ፥ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት ካልተገናኘ አያጫውትም፥ ዲስክ ማዋስም ይገደባል ብሎ ነበር። ተጫዋቹ ቢጮህ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሐሳቡን ለወጠ። ይሁን እንጂ በ2020 ከወጡት መሣሪያዎች መካከል የዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው ነበሩ፤ በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ማስገቢያው ለብቻው ይሸጣል። ያን ጊዜ በጩኸት የቆመው ነገር ዛሬ ቀስ ብሎ እየተመለሰ ነው።

ለኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በግንቦት 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያወጡ አዝዞ፥ ተቃውሞ ቢበዛበት በጥቂት ቀን ውስጥ ሰረዘው። አካውንት ማውጣት ከማይቻልባቸው ከ170 በላይ አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ነበረች። እንግዲህ እዚህ ሆኖ መመዝገብ የሚፈልግ ሰው የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ማለት ሊኖርበት ነው። ዕቃውን በገንዘቡ ለገዛ ሰው ይህ አይገባም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የቤት መዝገብ የሚባል ነገር ነው። አራት ሰዎች አብረው የገዙት ጨዋታ በአራቱ ስም ይመዝገብ፤ አንዱ ሲለይ በስምምነት ድርሻው ይተላለፍ። ኒንተንዶ በ2025 የጀመረው ዘዴ ወደዚህ ይጠጋል፤ በቤተ ሰብነት የተመዘገቡ ሰዎች በኢንተርኔት የተገዛን ጨዋታ ለሁለት ሳምንት ሊዋዋሱ ይችላሉ። ማዋስ ከተቻለ ማካፈል አይቻልም የሚያሰኝ ምክንያት አይታየንም። ከዚህም ጋራ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አብረው የሚጫወቱት ጨዋታ አይጥፋ። ሄሎ ኢንፊኒት በአንድ መስታወት ሁለት ሆኖ ታሪኩን መጫወትን ቃል ገብቶ በ2022 ቢሰርዘውም፥ ያለ ሁለት ሰው የማይጀመረው ኢት ቴክስ ቱ በ2021 በጌም አዋርድስ የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸልሟል። ፈላጊ የለውም የሚባለው ሐሰት ነው።

ይህን ስናነብላቸው «አገር ስንት ችግር እያላት ተማሪ ስለ ጌም ይጽፋል ወይ?» ያሉን ወዳጆች አሉ። መልሳችን አጭር ነው። ሰው ሠርቶ ያርፋል፤ አርፎ ይሠራል። የአንድ ሰዓት ዕረፍት አሳጥቶ ሁለት ሰዓት የሚወስድ መሣሪያ ነው እንጂ የትምህርት ጠላት፥ ሰዓቱን ጠብቆ ወደ መጽሐፋችን የሚመልሰን አይደለም። ደግሞስ ከኛ መካከል ኮምፒዩተርና ኤሌክትሪክ የሚማሩት እስከ መቼ የሌላውን ዕቃ ተቀባይ ብቻ ይሆናሉ? መብራት የሚጠፋበትን ቤት፥ በጥቅል የሚገዛውን ኢንተርኔት፥ በዕቁብ የሚገዛውን ዕቃ ከኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ችግሩን የሚያውቅ መፍትሔውን ለመሥራት ቅርብ ነው።

ታላቃችን ሲመረቅ አራቱን ዲስኮችና አንዱን ጆይስቲክ ለኛ ሊተው፥ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለመታሰቢያ ሊወስድ ተስማምተናል። ክፍፍሉን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። እስከ ዛሬ መላ ያጣንላቸው በአየር ላይ ያሉት ሦስቱ ጨዋታዎች ብቻ ናቸው።