አንድ ብረት ይጨመርበት

አባቴ የኤንትሬ ሾፌር ነበር። ባሌስትራ ሲሰበርበት ጋራዥ ይገባል፤ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያይና “አንድ ብረት ይጨመርበት” ይላል። ይጨመርበታል። እኔም ልጅ ሆኜ መፍትሔው ይኸው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ስለ ፋይበርግላስ ባሌስትራ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። መነሻዬ እውነት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1981 የሸቭሮሌ ኮርቬት የኋላ ባሌስትራ ከብረት ወደ ፋይበርግላስ ሲቀየር ክብደቱ ከ18 ኪሎ ገደማ 4 ኪሎ ወደማይሞላ ወርዷል። “ለእኛም መኪኖች ይምጣልን” ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ሰው ወደደው።

አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ግን ደወለና “ስንት እንደሚጫንበት ጠይቀሃል?” አለኝ። አልጠየቅኩም። ተገናኝተን ማኪያቶ አዘዝንና በደረሰኝ ጀርባ ላይ ያሰላልኝ ጀመር።

ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ባሌስትራ እንውሰድ። መሃሉ ታስሮ፣ ግማሽ ሜትር የሚርቀው እያንዳንዱ ጫፍ 250 ኪሎ ገደማ ቢሸከም፣ መሃሉ ላይ 200 ሜጋፓስካል ውጥረት ያርፋል። ቁጥሩ ለብረትም ለፋይበርግላስም አንድ ነው። የሚለያዩት በመታጠፍ ነው፦ የብረቱ ጫፍ 7 ሚሊ ሜትር፣ የፋይበርግላሱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ይታጠፋል። ይህ ጉድለት አይደለም። የማይታጠፍ ባሌስትራ ጉድጓዱን ለቻሲውና ለሾፌሩ ወገብ ያቀብላል።

ችግሩ ቅስቱ ላይ ነው። ቅስት ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ ንብርብሮቹን የሚያላቅቅ ኃይል ውስጡ ይፈጠራል። ብረት ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በፋይበርግላስ ግን በርዝመቱ የሚሸከመው የመስታወት ክሩ ሲሆን፣ ንብርብሮቹን አንድ ላይ የያዘው ደካማው ሙጫ ብቻ ነው። ቅስቱ በጠበበ ቁጥር ሙጫው ላይ ያለው ኃይል ይጨምራል። ከውጭ ደህና የሚመስለው ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል። ለቦሎን ብለህ መሃሉን ብትበሳው ክሩን ትቆርጣለህ። ደግሞም 200 የቆመ መኪና ሂሳብ ነው። ጭነቱ በድንገት ሲያርፍ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ ደግሞ ይህን ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ስለ ፋይበርግላሱ ብዙም አልገረመው። “እኛ ብረት ስንጨምር ባለንብረቱ ኩንታል ይጨምራል” አለኝ።

ይህንንም አሰላሁት። አምስት እኩል ብረቶች ስድስት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ውጥረት በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ጭነቱ በአንድ አምስተኛ ሲጨምር ግን ውጥረቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ፍሬኑ፣ ጎማውና ቻሲው ግን የድሮዎቹ ናቸው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው መኪና ባሌስትራው ላይሰበር ይችላል።

ፋይበርግላስ አይረባም እያልኩ አይደለም፤ ቮልቮም ይጠቀምበታል። ግን የማንኛውም ባሌስትራ ሂሳብ የሚጀምረው ከጭነቱ ነው። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ ማንም ካላከበረው፣ ከየትም ብናስመጣ የመሐንዲሱ ቁጥር ወረቀት ላይ ይቀራል። እኔም የጻፍኩት ክብደት ስለመቀነስ ነበር፤ ጭነት ስለመቀነስ ግን አንድ መስመር አልነበረኝም።

ያንን ጽሑፍ አላጠፋሁትም። ይህ እርማቱ ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ወገቡን ዛሬም ያመዋል።